የቤተሰብ ጉብኝት በጃፓን ከተሞች፦ እቅዱ ከየት ይጀምራል?

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም አትሌት አበበ ቢቂላ ወደ ቶኪዮ ብሔራዊ ስታዲየም ሲገባ በቅርብ የሚከተለው ሯጭ አልነበረም። ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጽሞ፣ ሌሎቹ ገና ሳይደርሱ በሳሩ ላይ ኾኖ ሰውነቱን ሲያፍታታ የጃፓን ሕዝብ በአድናቆት ተመለከተው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ መስከረም 21 ቀን፣ ቶኪዮን ከኦሳካ የሚያገናኘው ፈጣን ባቡር ሺንካንሰን የመጀመሪያ መንገደኞቹን አሳፍሮ ነበር።

አሮጌው ስታዲየም ፈርሶ በዚያው ስፍራ አዲስ ተገንብቷል፤ እ.ኤ.አ በ2019 መጨረሻም ተመርቋል። ባቡሩ ግን ዛሬም በዚያው መስመር ይከንፋል። ልጆቹን ይዞ ጃፓንን ለማየት የሚነሳ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከሀገር ቤት ቢነሳም፣ ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከባሕረ ሰላጤው ሀገራት ቢመጣም፣ የጉዞው ምሰሶ ይኸው የባቡር መስመር ነው።

እንዲህ ያለው ጉዞ ለብዙ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ ውጤት ነው፤ ደግሞም አይደገምም። ስለኾነም እናትና አባት እቅድ ሲያወጡ ምንም ነገር እንዳይቀር ይመኛሉ። ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ፣ ናራ፣ ሂሮሺማ፣ ካናዛዋ እያሉ በአሥር ቀን ውስጥ ስድስት ከተማ ይደረድራሉ። ጉዞው የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በጃፓን ሆቴሎች እንግዳ ክፍሉን የሚለቀው በተለምዶ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ሲኾን፣ አዲስ ክፍል የሚረከበው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ ነው። በመካከል ያሉት ሰዓታት ቤተሰቡ ማረፊያ የሌለው መንገደኛ የሚኾንባቸው ናቸው። ለብቻው የሚጓዝ ወጣት ይህን ጊዜ በካፌ ቁጭ ብሎ ያሳልፈዋል። የአራት ዓመት ሕጻን የያዘች እናት ግን እንቅልፉ የመጣበትን ልጅ አቅፋ ጣቢያ ለጣቢያ ትንከራተታለች። ከተማ በተቀየረ ቁጥር ግማሽ ቀን ይጠፋል ብሎ ማስላት ይገባል። ስድስት ከተማ ማለት እንግዲህ ከአሥሩ ቀን ሦስቱን ለሻንጣ መስጠት ነው።

ለዚህ የሚበጀው ሁለት ከተሞችን መኖሪያ አድርጎ መያዝና ሌላውን ደርሶ መልስ ማየት ነው። አንዱ መኖሪያ ቶኪዮ፣ ሌላው ኪዮቶ ወይም ኦሳካ ሊኾን ይችላል። ከኪዮቶ ኦሳካ በተራ ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ፣ ናራ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ያነሰ መንገድ ነው። ሂሮሺማ እንኳ በሺንካንሰን ከሁለት ሰዓት በታች ይደረሳል። ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚበር ቤተሰብ በደቡብ ኮሪያው ኢንቾን በኩል አልፎ የሚያርፈው በቶኪዮው ናሪታ ነው፤ የሚመለሰውም ከዚያው ስለኾነ ከናሪታ ወደ ኪዮቶ ሄዶ ቶኪዮን ለመጨረሻ ማቆየት ያዋጣዋል። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚነሳ ግን በአንዱ ከተማ ገብቶ በሌላው የሚወጣበትን ቲኬት ቢፈልግ ያገኛል፤ የኦሳካው ካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ለዚህ ያገለግላል። የመልሱን የባቡር ዋጋም ያተርፋል።

እቅድ ማውጣት ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ባለቤት የምርጫ ጉዳይ ብቻ አይደለም። መደበኛ ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ወደ ጃፓን ለመግባት ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ከማመልከቻው ጋር ከሚቀርቡት ሰነዶች አንዱም በየትኛው ቀን የት እንደሚውል፣ የት እንደሚያድር የሚያሳይ የቆይታ ሰሌዳ ነው። የበረራ ማስያዣና ወጪውን ለመሸፈን የሚያስችል አቅም ማሳያም ይጠየቃል። ሰሌዳው ውስጥ በየቀኑ ሌላ ከተማ የሰፈረበት ቤተሰብ ለሚያነብበው ባለሙያም ለራሱም ግራ ያጋባል። የሆቴል ማስያዣው ሊሰረዝ የሚችል ዓይነት ቢኾን ይመረጣል፤ ቪዛው ሳይመጣ ገንዘቡ እንዳይያዝ። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በበኩላቸው ለአጭር ጉብኝት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባሉ። ባልና ሚስት የተለያየ ፓስፖርት የያዙበት ቤት ግን ጥቂት አይደለም፤ እንዲህ ያለው ቤተሰብ የጉዞውን ቀን መወሰን ያለበት ቪዛ በሚያስፈልገው ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ወቅት ነው። የኢትዮጵያ ተማሪዎች የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በጃፓን ይህ ጊዜ የበጋው እምብርት ሲኾን፣ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት አሉ፤ እርጥበቱም ይጨመርበታል። በተራራ የተከበበችው ኪዮቶ ደግሞ በሙቀቷ የታወቀች ናት። የደጋ አየር የለመደ ልጅ እዚያ በቀትር ሁለት ሰዓት በእግሩ ይጓዛል ብሎ ማቀድ አይቻልም። ከነሐሴ 7 እስከ 10 አካባቢ ደግሞ ጃፓናውያን የሞቱ ዘመዶቻቸውን የሚያስቡበት ኦቦን ይውላል፤ ሀገሩ በሙሉ ወደ ትውልድ ቀዬው ይጓዛልና ባቡሩም ሆቴሉም ይጨናነቃል። ከሚያዝያ 21 ገደማ ጀምሮ አንድ ሳምንት የሚቆየው ወርቃማ ሳምንት የሚባለው በዓልም እንዲሁ ነው።

ምርጡ ጊዜ ሁለት ነው። በመጋቢት መጨረሻ ሳኩራ የሚባለው የቼሪ አበባ በቶኪዮና በኪዮቶ ይፈነዳል፤ በኅዳር ደግሞ የኪዮቶ ዛፎች ቅጠል ቀይ ይለብሳል። ሁለቱም ግን ለትምህርት ቤት አይመቹም፤ ሁለቱም ለጾመኛ ሌላ ጥያቄ ያነሳሉ። የአበባው ወቅት አብዛኛውን ጊዜ በዐቢይ ጾም ላይ ይውላል፤ የኅዳሩ መጨረሻ ደግሞ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ነሐሴም ቢመረጥ ፍልሰታ አለ።

ጉዳዩ ቀላል የሚመስለው ጃፓን የአትክልት፣ የሩዝና የአኩሪ አተር ሀገር በመኾኗ ነው። ነገር ግን የጃፓን ወጥ ቤት መሠረቱ ዳሺ የሚባለው መረቅ ነው፤ ይህም ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ይዘጋጃል። ላይ ላዩን ሲታይ ንጹሕ የአትክልት ሾርባ የሚመስለው ሁሉ ዓሣ አለበት ማለት ይቻላል። ስጋ የለበትም ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው የለበትም የሚል እውነተኛ መልስ ያገኛል፤ ዓሣው ግን አለ። በጾም ዓሣ የማይበላ ቤተሰብ ዳሺን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ ይኖርበታል። መፍትሔው ከቡድሃ ገዳማት የወጣው ሾጂን ርዮሪ የተባለው ምግብ ነው። ስጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም የሌለው ሲኾን መረቁም ከባሕር ተክልና ከእንጉዳይ ይወጣል። በኪዮቶ ቤተ መቅደሶች አካባቢ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል፤ ሳህኑም ትንንሽ ነው። ከሰፈር ሱቅ የሚገዛ ድንች ድንች የሚል የተጠበሰ ስኳር ድንች፣ ሙዝና ተራ ሩዝ የልጆቹን ሆድ ይሞላል። ሙስሊም ቤተሰቦችም መጠጥ ያለበትን ሚሪን የተባለ ማጣፈጫ መጠየቅ አለባቸው። በኮቤ እ.ኤ.አ በ1935 የተሠራው የጃፓን የመጀመሪያው መስጊድ እና በቶኪዮ ያለው ቶኪዮ ጃሚ ሐላል ምግብ የት እንዳለ ለመጠየቅ ጥሩ ቦታዎች ናቸው።

ከቤት ቋንጣ ይዞ መሄድ መፍትሔ አይደለም። ጃፓን ከውጭ የሚገባ የስጋ ውጤትን ያለ ምርመራ የምስክር ወረቀት አታስገባም፤ በአውሮፕላን ማረፊያው ይወሰዳል፣ ቅጣትም ሊያስከትል ይችላል። ሽሮና በርበሬ ሌላ ጉዳይ ናቸው። መድኃኒትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። በተለይ ከአሜሪካ የሚመጡ ወላጆች አምፌታሚን ያለባቸው የልጆች የትኩረት መድኃኒቶች በሐኪም ትዕዛዝ እንኳ ወደ ጃፓን እንደማይገቡ ማወቅ ይገባቸዋል።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ማስላት ደግሞ የእቅዱ ግማሽ ነው። ለረጅም ዓመታት ለጃፓን ጎብኚ የሚሰጠው የመጀመሪያ ምክር የባቡር ፓስ ግዛ የሚል ነበር። ለሰባት ቀን ያለ ገደብ የሚያሳፍረው ፓስ 29 ሺህ 650 የን ነበር። እ.ኤ.አ በጥቅምት 2023 ግን ወደ 50 ሺህ የን ከፍ ተደርጓል። ምክሩ በየቦታው አሁንም ይደገማል፤ ሒሳቡ ግን ተለውጧል።

ሁለት ወላጆች፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅና የአራት ዓመት ሕጻን ያሉበትን ቤተሰብ እንውሰድ። ከቶኪዮ ኪዮቶ በሺንካንሰን ለአንድ አዋቂ 14 ሺህ የን ገደማ ያስከፍላል። ከ6 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ግማሹን ይከፍላል፤ ከዚያ በታች ያለው የራሱን መቀመጫ ካልያዘ በነጻ ይጓዛል። ስለዚህ የአንድ ጉዞ ወጪ 35 ሺህ፣ ደርሶ መልሱ 70 ሺህ የን ይኾናል። ፓሱ ግን ለዚሁ ቤተሰብ 125 ሺህ የን ነው። ሂሮሺማ ስትጨመር ሒሳቡ ይቀራረባል። ከኪዮቶ ሂሮሺማ ደርሶ መልስ ለቤተሰቡ 57 ሺህ ገደማ ስለሚኾን ድምሩ 127 ሺህ የን ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፣ ፓሱ የሚያዋጣው በአንድ ሳምንት ውስጥ ቶኪዮ፣ ኪዮቶና ሂሮሺማ ደርሶ ተመልሶ ለሚመጣ ሰው ነው፤ ያውም በጭንቅ። በዚያ ላይ ኖዞሚ የተባለው እጅግ ፈጣኑ ባቡር ያለ ተጨማሪ ክፍያ በፓስ አይሳፈሩበትም። ሰባቱ ቀን እንዳያልፍ ሲባል የታመመ ልጅ ይዞ መሮጥም አለ። ተራ ቲኬት የገዛ ቤተሰብ ግን ልጁ ካተኮሰው አንድ ቀን ማረፍ ይችላል።

የአራት ዓመቱን ልጅ በነጻ ማሳፈር የሚያስደስት ቢኾንም፣ ከሁለት ሰዓት በላይ በጭን ላይ ማቆየት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በበዓላት ሰሞን ኖዞሚ ያልተያዘ መቀመጫ ስለማይኖረው ለሕጻኑም በግማሽ ዋጋ መቀመጫ መግዛት አስተዋይነት ነው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ሱይካ ወይም ኢኮካ የሚባሉ ካርዶች አሉ፤ ገንዘብ ተሞልቶባቸው በባቡር፣ በአውቶቡስና በሱቅ ያገለግላሉ። የልጆች ካርድ ፓስፖርት ታይቶ ይሰጣል፤ ዋጋውንም በራሱ ግማሽ ያደርጋል።

ሻንጣን በተመለከተ ጃፓኖች ራሳቸው የሚያደርጉትን ማድረግ ይሻላል። ከሆቴል ወደ ሆቴል ሻንጣ የሚያደርስ ታክዩቢን የሚባል አገልግሎት አለ። እ.ኤ.አ በ1976 የተጀመረ ሲኾን በእንግዳ መቀበያው ላይ ፎርም ተሞልቶ ይሰጣል፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል። ቤተሰቡ የአንድ ሌሊት ልብስ ብቻ በቦርሳ ይዞ ይሳፈራል። ይህን ካላደረገና የሻንጣው ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ተደምሮ ከ160 ሳንቲ ሜትር ካለፈ በሺንካንሰን የመጨረሻ ረድፍ ያሉትን ልዩ መቀመጫዎች አስቀድሞ መያዝ አለበት። መያዙ በነጻ ነው፤ ሳይዙ መግባት ግን አንድ ሺህ የን ያስከፍላል።

ሰዓቱም ያወናብዳል። ጃፓን ከኢትዮጵያ በስድስት ሰዓት ትቀድማለች። በቶኪዮ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲኾን በባሕር ዳር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከኢትዮጵያ የሄደ ልጅ እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ማለዳ አይነሳም፤ ጠዋት የተያዘ ቀጠሮ ሁሉ ልቅሶ ይኾናል። ለእነዚያ ቀናት ከቀትር በኋላ የሚደረግ ነገር ማቀድ ይበጃል። ከአሜሪካ የመጣ ልጅ በተቃራኒው ጎህ ሳይቀድ ዓይኑን ያፈጣል። ለእርሱ ደግሞ በኪዮቶ ያለው ፉሺሚ ኢናሪ መልካም ነው፤ ሌሊትና ቀን ክፍት የኾነ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ የእንጨት በሮች በተራራው ላይ የተደረደሩበት ስፍራ ነው። ረፋድ ላይ መተላለፊያ የሌለው ያ መንገድ በማለዳ ጸጥ ይላል። የባቡር ሰሌዳው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለኾነ አባወራው በልቡ በኢትዮጵያ ሰዓት እየቆጠረ ባቡር እንዳያመልጠው በወረቀት ላይ መጻፍ አያስነቅፍም።

ከቶኪዮ ወደ ኪዮቶ በቀኝ በኩል ያለውን መስኮት መያዝ ልጆቹን ያስደስታል። ከተነሱ ከአርባ ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ደመና ካልከለከለ፣ ፉጂ ተራራ ይታያል። ከፍታው 3 ሺህ 776 ሜትር ነው። ራስ ዳሸን ከ4 ሺህ 500 ሜትር በላይ እንደኾነ የሚያውቅ ልጅ እኛ እንበልጣለን ማለቱ አይቀርም፤ ፉጂ ግን ብቻውን ከሜዳ ላይ ስለሚነሳ ግዝፈቱ ሌላ ነው።

ኪዮቶ እ.ኤ.አ ከ794 ጀምሮ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ዋና ከተማ ነበረች። ቤተ መቅደሶቿ ብዙ ናቸው፤ ለልጅ ግን ከሦስተኛው በኋላ ሁሉም አንድ ይመስሉታል። በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ይበቃል። በወርቅ የተለበጠው ኪንካኩጂ በውኃው ላይ ጥላውን ሲጥል ልጅም ያያል። ታሪኩም ልጅን የሚይዝ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት ከአምስት ዓመት በኋላ እንደገና ተሠራ።

ናራ በአንጻሩ የልጆች ከተማ ናት። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ አጋዘኖች በመናፈሻው በነጻነት ይዘዋወራሉ፤ ለእነርሱ ተብሎ የተጋገረ ብስኩት ገዝቶ የያዘውን ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው ይለማመጣሉ። ብስኩቱን ደብቆ ማስጎምጀት ግን ልብስ ያስነክሳል፤ ከጨረሱ በኋላ ባዶ እጅን ማሳየት ይገባል። በቶዳይጂ ቤተ መቅደስ ውስጥ እ.ኤ.አ በ752 የተመረቀና ቁመቱ 15 ሜትር ገደማ የኾነ የነሐስ ቡድሃ አለ። ከምሰሶዎቹ አንዱ ሥሩ ላይ ተበስቷል፤ ቀዳዳው የሐውልቱን የአፍንጫ ቀዳዳ ያህላል ይባላል፤ በዚያ የሾለከም ይባረካል ይላሉ። አባት አይሞክረው።

ሂሮሺማ ላይ ወላጆች መነጋገር ያለባቸው ከጉዞው በፊት ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ላይ የወደቀው የአቶሚክ ቦንብ እስከዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ 140 ሺህ ገደማ ሰዎችን እንደገደለ ይገመታል። ኪዮቶ ራሷ ከታለሙት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የአሜሪካ የጦር ሚኒስትር የነበሩት ሄንሪ ስቲምሰን ከዝርዝሩ እንድትወጣ አደረጉ። ከኪዮቶ ተነስቶ ሂሮሺማ የደረሰ ልጅ ትናንት ያየው የወርቅ ቤትና ዛሬ የሚያየው አጽሙ የቀረ ጉልላት በአንድ ዝርዝር ላይ የነበሩ ከተሞች መኾናቸውን ሲሰማ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ የማያገኘውን ነገር ይረዳል።

ሙዚየሙ ለአዋቂ 200 የን ሲኾን ለታናናሾቹ ተማሪዎች በነጻ ነው። ነገር ግን በውስጡ የተቃጠሉ ሕጻናት ልብስና ፎቶግራፍ አለ። ለአሥር ዓመት ልጅ ከባድ ነው፤ ለአራት ዓመቱ ደግሞ አይገባም። አንደኛው ወላጅ ታላቁን ይዞ ሲገባ ሌላኛው ከታናሹ ጋር በውጭ ባለው መናፈሻ ቢቆይ ይሻላል። በዚያም የሕጻናት የሰላም ሐውልት ይገኛል። ሳዳኮ ሳሳኪ ቦንቡ ሲወድቅ የሁለት ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ12 ዓመቷ በደም ካንሰር አረፈች። በሕመም አልጋ ላይ ኾና ከወረቀት ሽመላ መሰል ወፎች ታጥፍ ነበር፤ ዛሬ የዓለም ልጆች የታጠፉ ወፎች ይልካሉ። ከቤት ታጥፎ የተዘጋጀ ወፍ ይዞ መሄድ ልጁን ከጎብኚነት ወደ ተሳታፊነት ይወስደዋል። ከሰዓት በኋላ በጀልባ ወደ ሚያጂማ ደሴት ተሻግሮ በውኃ ውስጥ የቆመውን ቀይ በር ማየት ልብን ያሳርፋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማድረግ ከኪዮቶ ማለዳ መነሳት ያስፈልጋል፤ ትንንሽ ልጆች ካሉ በሂሮሺማ አንድ ሌሊት ማደር ይሻላል።

በጉዞው መካከል በፍል ውኃ መታጠብ ብዙዎች የሚናፍቁት ነገር ነው። ኦንሰን በሚባሉት የሕዝብ መታጠቢያዎች ግን ንቅሳት ያለበት ሰው የማይገባባቸው ብዙ ናቸው። ክልከላው የመጣው ንቅሳትን ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ከማያያዝ ነው፤ በአንገቷ ወይም በግንባሯ መስቀል የተነቀሰች ኢትዮጵያዊት አያት ግን ይህን የምታውቅበት ምክንያት የለም። በር ላይ ከምትመለስ፣ ክፍሉ ሲያዝ ለቤተሰብ ብቻ የሚከራይ መታጠቢያ ያለበትን ማረፊያ መጠየቅ ነገሩን ይፈታዋል። በሪዮካን፣ ማለትም በባሕላዊው ማረፊያ፣ ቤተሰቡ በአንድ ክፍል ምንጣፍ ላይ ፍራሽ ተነጥፎለት አብሮ ይተኛል፤ ለኢትዮጵያውያን ልጆች ይህ ከሆቴል አልጋ ይልቅ ይጥማቸዋል። እራት ግን በተወሰነ ሰዓት ስለሚቀርብ ማርፈድ አይቻልም።

ቶኪዮ በመጨረሻ ስትመጣ ልጆቹ ባቡሩን ለምደውታል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው የሠራተኛ መጨናነቅ በሕጻን ጋሪ የሚገቡበት አይደለም። እ.ኤ.አ በ1882 የተከፈተው የኡኤኖ መካነ እንስሳት፣ በአሳኩሳ ያለው ሴንሶጂ፣ 634 ሜትር የሚረዝመው ስካይትሪ በአንድ አቅጣጫ ስለሚገኙ ሁለት ቀን ተከፍለው ሊታዩ ይችላሉ። በየልጁ ኪስ የሆቴሉ ስም በጃፓንኛ የተጻፈበት ካርድ መኖር አለበት። የጠፋ ልጅ ካርዱን ኮባን ለሚባለው የሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ቢያሳይ ይመለሳል። ለፖሊስ 110፣ ለአምቡላንስ 119 ይደወላል።

ከመመለሻው በፊት ያለው ቀን ባዶ ይተው። ሴንዳጋያ ከሚባለው ጣቢያ ጥቂት በእግር ተጉዞ ወደ ብሔራዊ ስታዲየሙ መድረስ ይቻላል። በአበበ ዘመን የነበረው ግንብ የለም፤ አያት ለልጅ ልጇ የምትተርክበት ስፍራ ግን አለ። ናሪታ ከመሐል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ፣ በማግስቱ በረራው ከመነሳቱ አምስት ሰዓት ቀደም ብሎ ከሆቴል መውጣት ያስፈልጋል።